ከበላዔ ሰብእ እስከ ማራካሽ፦ አካል ጉዳተኞች በመጻሕፍት ውስጥ

የአዲስ አበባን ቆሻሻ መጣያ ቆሼን የሚያውቅ የዘነበወርቅን ሰፈርም ያውቃል። ከቆሻሻው ክምር ብዙም ሳይርቅ፣ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ይጠራ የነበረው ሆስፒታል ባለበት ሥፍራ፣ በ1958 ዓ.ም. የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ በአጭሩ አለርት፣ ተቋቋመ። ከየገጠሩ ለሕክምና የመጡ ብዙ ሰዎች ከዳኑ በኋላም የቀዬአቸውን ፊት መንሣት ስለፈሩ እዚያው ጎጆ ቀለሱ፤ ወልደው፣ ድረው፣ ኩለው ሰፈር መሠረቱ። ኑሮውን ከቆሼ ጋር ያያያዘውም ጥቂት አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ አካባቢው የዓለም ዜና ሆነ።

ስለ ሥጋ ደዌ ከአለርት ግቢ የወጣው ጽሑፍ ብዙ ነው። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ጥናቶች በዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔቶች ይታተማሉ። በጥናቱ ውስጥ ግን ታማሚው ነርቭ ነው፣ ቆዳ ነው፣ ናሙና ነው። ሲቀልድ፣ ሲጣላ፣ ዕቁብ ሲሰበስብ የሚታይበት ልብ ወለድ ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው።

እጥረቱ አካል ጉዳተኛ በመጻሕፍታችን ስለሌለ አይደለም፤ ከጥንትም አለ። በተአምረ ማርያም 78 ሰው የበላው በላዔ ሰብእ የሚድነው በእመቤታችን ስም ለለመነው ቁስለኛ ጥርኝ ውኃ ስላጠጣ ነው። የበላተኛውን ታሪክ ያልሰማ የለም። ውኃ ጠያቂው ግን ስም የለውም፤ የሌላው ነፍስ ከዳነች በኋላ የት እንደ ገባም አይነገርም። በአንጻሩ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ለዓመታት ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው እንደ ተቆረጠ ገድላቸው ይተርካል፤ ሠዓሊውም የተቆረጠውን እግር አይደብቅም። እዚህ ጉዳቱ ክብር ነው። ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ የሚያዜሙት ላሊበሎች ደግሞ ዜማውን ከተዉ ሥጋ ደዌ ይይዘናል ብለው ይሰጋሉ ይባላል፤ በዚህኛው መርገምት ነው። በበረከትና በመርገምት መካከል ያለው ተራ ኑሮ ሳይጻፍ ቀረ።

ዘመናዊው ትረካም ሌላ ልማድ አለው፤ ጉዳት ሲመጣ ታሪኩን ይዘጋል። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞ ተጫምቶ ማራቶን ማሸነፉን ሕፃን ሁሉ ያውቃል። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ እንግሊዝ ውስጥ በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል፤ ኖርዌይ ውስጥም የ25 ኪሎ ሜትር የበረዶ ላይ ጋሪ ውድድር አሸንፏል። ይህ ምዕራፍ ከሮሙ እኩል አይተረክም። ብዙውን ጊዜ «አሳዛኝ ፍጻሜ» ተብሎ በጥቂት መስመር ይታለፋል።

ባለቤቱ ሲናገር ታሪኩ መልኩን ይቀይራል። በአማራ ሳይንት ተወልዳ በልጅነቷ ዓይኗን ያጣችው የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ፣ ዓይነ ስውርነቷ ካለዕድሜ ጋብቻ አምልጣ እንድትማር በር እንደ ከፈተላት ደጋግማ ተናግራለች፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብላለች። ከሐርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት የተመረቀች የመጀመሪያዋ ማየትና መስማት የተሳናት ሰው፣ የኤርትራና የኢትዮጵያ ዝርያ ያላት ሐበን ግርማ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የሕይወት ታሪኳን አሳትማለች። አነጋጋሪዋ በቁልፍ ሰሌዳ ሲጽፍላት እሷ ቃሉን በጣቷ ሥር በብሬል ታነባለች፤ ጨዋታውም በዚያው ይደራል።

መጽሐፍ ውስጥ መገኘት አንድ ነገር ሆኖ መጽሐፉን ማንበብ መቻል ሌላ ነው። የአማርኛ ብሬል ተነባቢውንና አናባቢውን ስለሚነጣጥል አንድ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ ይወስዳል፤ በወፍራም ወረቀት ላይ ሲታተም መካከለኛ ልብ ወለድ በርካታ ጥራዝ ይሆናል። ሥጋ ደዌ የጎዳው ሰው ችግር ከሁሉም ይብሳል። በሽታው ዓይንንም የጣትን ነርቭም ሊያጠቃ ስለሚችል፣ ማየት የተሳነው ታማሚ ብሬሉን ቢዳስሰውም ነጥቦቹ ላይሰሙት ይችላሉ። ዓይኑ የተረፈለትም በታጠፉ ጣቶች ገጽ መግለጥ ያቅተዋል።

በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የማራካሽ ስምምነት ይህን ሰው አልረሳውም። ለዓይነ ስውራን ብቻ ሳይሆን በአካል ጉዳት ምክንያት መጽሐፍ ለመያዝ ወይም ገጽ ለመግለጥ ለማይችሉትም ይሠራል። የተፈቀደላቸው ተቋማት የደራሲውን ፈቃድ ሳይጠይቁ መጽሐፉን በብሬል ወይም በድምፅ ማዘጋጀት፣ ከአባል አገራትም ጋር መለዋወጥ ይችላሉ። ኢትዮጵያ በ2020 እ.ኤ.አ. ተቀላቅላለች። የዓለም ዓይነ ስውራን ኅብረት ግምት እንደሚለው፣ ከሚታተሙት መጻሕፍት በተደራሽ ቅርጽ የሚገኙት ከ10 በመቶ በታች ናቸው።

ድምፅ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ በሬዲዮ ሲተርክ ማየት የቻለውም ያልቻለውም እኩል ጆሮውን ሰጥቷል። ስለዚህ ተደራሽነት ከባዶ የሚጀመር ሥራ አይደለም፤ ተራኪም አድማጭም አለ። የአሳታሚዎች ድርሻ ለኅትመት ያዘጋጁትን የኮምፒዩተር ቅጂ ለብሬልና ለድምፅ አዘጋጆች መስጠት ነው። ደራሲው ደግሞ አካል ጉዳተኛ ገጸ ባሕርይ ሲቀርጽ ረቂቁን ኑሮውን ለሚያውቁት አስቀድሞ ማስነበብ ይችላል። ስለ ሥጋ ደዌ ለሚጽፍ ሰው እነዚያ አንባቢዎች ዘነበወርቅ አሉ፤ ማንበብ ያልቻሉትም ሲነበብላቸው ሰምተው የተሳሳተውን ያርማሉ።