ሁለት ረጃጅም ተጫዋቾች በአንድ የቅርጫት ኳስ ቡድን፦ የቦታ አጠቃቀም ጥያቄ

በቅርጫት ኳስ ቁመት ጥቅም መሆኑን የሚክድ የለም። ክርክር የሚነሳው ቁመት ሲደራረብ ነው። ሁለቱም ከ2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር የማያንሱ፣ ሁለቱም ከቅርጫቱ ሥር መጫወት የለመዱ ሰዎች በአንድ ቡድን ሲገናኙ አሰልጣኙ በአንድ ጊዜ ያሰልፋቸው ወይስ አንዱን አስቀምጦ ሌላውን ያጫውት? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በሰሜን አሜሪካው የሙያ ሊግ፣ በኤን.ቢ.ኤ.፣ በታዩ ጥንዶች አማካይነት ይመረምራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ጥያቄው ስንት ደቂቃን እንደሚመለከት ማስላት ይገባል። የሊጉ መደበኛ ጨዋታ 48 ደቂቃ ነው። ሁለቱ ረጃጅሞች እያንዳንዳቸው 32 ደቂቃ ቢጫወቱ ድምሩ 64 ይሆናል። ምንጊዜም ቢያንስ አንዳቸው ሜዳ ላይ እንዲገኙ ከተደረገ፣ አብረው የሚሰለፉት ለ16 ደቂቃ ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ ይፈራረቃሉ። ስለሆነም «አብረው መጫወት አይችሉም» የሚለው የተለመደ ብያኔ በእርግጥ የሚመለከተው ከጨዋታው አንድ ሦስተኛውን ነው። ይሁን እንጂ ይህ አንድ ሦስተኛ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። አሰልጣኞች የመጨረሻዎቹን ወሳኝ ደቂቃዎች የሚሰጡት ለምርጥ አምስት ተጫዋቾቻቸው ነውና፣ ከሁለቱ አንዱ በዚያ ሰዓት ወንበር ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ቡድኑ ለእርሱ የከፈለው ዋጋ ጥያቄ ውስጥ ይወድቃል።

ሐሳቡ በስፋት የታወቀው በ1984 ሂዩስተን ሮኬትስ ሃኪም ኦላጁዎንን በድራፍቱ የመጀመሪያ ምርጫ አድርጎ 2 ሜትር ከ24 ከሚረዝመው ከራልፍ ሳምፕሰን ጋር ባጣመረ ጊዜ ነው። ጥንዶቹ «መንትያ ማማዎች» የሚል ስም ወጣላቸው። በ1986 ሎስ አንጀለስ ሌከርስን 4 ለ 1 አሸንፈው ለፍጻሜ ደረሱ፤ በፍጻሜውም በቦስተን ሴልቲክስ 4 ለ 2 ተሸነፉ። ሳምፕሰን በ1987 መጨረሻ ወደ ጎልደን ስቴት ተዛወረ። አንዳንዶች ይህን የሐሳቡ ውድቀት አድርገው ያቀርቡታል፤ ነገር ግን ሳምፕሰንን ያዳከመው የጉልበት ጉዳት እንጂ የኦላጁዎን ጎረቤትነት አለመሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ከአሥር ዓመት በኋላ ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ዴቪድ ሮቢንሰንንና ቲም ደንከንን አጣምሮ በ1999 እና በ2003 ዋንጫ ወሰደ። ያ ጥንድ የሠመረው ሮቢንሰን የነጥብ አስቆጣሪነቱን ዋና ድርሻ ለወጣቱ ደንከን በመልቀቁ ጭምር ነው፤ የአንድ ታላቅ ተጫዋች እንዲህ ያለ ፈቃደኝነት በቁጥር ሰንጠረዥ ላይ በቀላሉ አይታይም።

እነዚህ ጥንዶች የተጫወቱበት ሜዳ ግን ከዛሬው የተለየ ነበር። እስከ 2001 ድረስ የሊጉ ደንብ ተከላካይ ማንንም ሳይዝ ባዶ ቦታ ጠብቆ እንዳይቆም ይከለክል ነበር። ሁለተኛው ረጅም ከቅርጫቱ አራት ወይም አምስት ሜትር ርቆ ቢቆም፣ ጥሩ ወርዋሪ ባይሆንም እንኳ ተከላካዩ እርሱን ተከትሎ መውጣት ነበረበት። ከ2001–02 የውድድር ዘመን ጀምሮ ይህ ክልከላ ተነሣ፤ በምትኩ ተከላካይ የቅርብ ባላጋራ ሳይኖረው ከቅርጫቱ ሥር ባለው ክልል ከሦስት ሰከንድ በላይ እንዳይቆይ የሚያዝ ደንብ ወጣ። ከዚያ ወዲህ መወርወር የማይችለውን ረጅም ተከላካዩ ትቶት ወደ ውስጥ ሊያፈገፍግ ይችላል። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን፣ በፊባ፣ ደንብ ደግሞ የተከላካይ የሦስት ሰከንድ ገደብ ጭራሹኑ የለም፤ ስለዚህ በፊባ ውድድሮች መጨናነቁ ይብሳል።

ሁለተኛው ለውጥ የሦስት ነጥብ መስመር ነው። መስመሩ ወደ ኤን.ቢ.ኤ. የገባው በ1979 ቢሆንም ቡድኖች ሒሳቡን በቁም ነገር የያዙት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ከመቶ 50 የሚገባ የሁለት ነጥብ ውርወራ በአማካይ 1 ነጥብ ያስገኛል፤ ከመቶ 36 የሚገባ የሦስት ነጥብ ውርወራ ግን 1.08። ከቅርጫቱ ሥር የሚቆም ሁለተኛ ረጅም እንግዲህ ሁለት ዋጋ ያስከፍላል፦ አንድ ወርዋሪ ከመስመሩ ጀርባ ይቀንሳል፤ ኳስ ይዞ ወደ ውስጥ ለሚገባው ጓደኛውም መንገዱን ይዘጋል። በአንጻሩ የተሳተ ኳስ በሪባውንድ ሲመለስ ሒሳቡ ይለወጣል፤ ለረጃጅሞች የሚቀርበው ዋና መከራከሪያም ይኸው ነው።

የዲትሮይት ፒስተንስ የ2013–14 ሙከራ በዚህ ረገድ ሊጠና ይገባዋል። ቡድኑ ጆሽ ስሚዝን፣ ግሬግ ሞንሮንና አንድሬ ድራመንድን፣ ማለትም ሦስት የውስጥ ተጫዋቾችን፣ በአንድነት አሰለፈ። ቦታው ስለጠበበ ስሚዝ ወደ ውጭ ተገፋ፤ ከሦስት ነጥብ መስመር ጀርባ ከሞከረው ከመቶ 26 ያህሉን ብቻ አስገባ። ይህ በአንድ ውርወራ 0.78 ነጥብ ገደማ ነው። ቡድኑ ከ82 ጨዋታ 29ኙን ብቻ አሸነፈ። በተከታዩ የውድድር ዘመን 5 አሸንፎ 23 በተሸነፈበት ወቅት ስሚዝን አሰናበተ፤ ከዚያ ወዲያው ሰባት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። ጥፋቱ የቁመት አልነበረም፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ቦታ መፈለጋቸው ነበር።

መወርወር ብቸኛው መውጫ ግን አይደለም። የሜምፊስ ግሪዝሊስ ጥንድ፣ ዛክ ራንዶልፍና ማርክ ጋሶል፣ በዚያ ዘመን ሁለቱም የሦስት ነጥብ ወርዋሪዎች አልነበሩም። ጋሶል ከቅጣት ምት መስመሩ አካባቢ ቆሞ ኳሱን ከታች ላለው ራንዶልፍ ያቀብል ስለነበር ተከላካዮች ሊተዉት አልቻሉም። በ2011 ስምንተኛ ሆኖ ያለፈው ይህ ቡድን የምዕራቡን አንደኛ ሳን አንቶኒዮን 4 ለ 2 አሰናበተ። አቀባይነት ከወርዋሪነት ባላነሰ ቦታ እንደሚከፍት ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ የዛሬዎቹ ተንታኞች ግን ብዙ አያነሱትም።

በመከላከል በኩል ጥያቄው ይገለበጣል። እዚህ የሚፈተነው ከሁለቱ ማን ከቅርጫቱ ርቆ ፈጣኑን ባላጋራ ሊከተል ይችላል የሚለው ነው። የክሊቭላንድ ካቫሊየርስ ጃሬት አለንና ኢቫን ሞብሊ ለዚህ ተስማሚ ናቸው፤ ሞብሊ ረጅምም ፈጣንም ስለሆነ ቡድኑ በ2022–23 በሊጉ ምርጡ መከላከል ነበረው። በዚያው ዓመት ግን በመጀመሪያው የጥሎ ማለፍ ዙር በኒው ዮርክ ኒክስ 4 ለ 1 ተሸነፈ፤ ሁለቱም የውጭ ወርዋሪዎች ስላልነበሩ ማጥቃቱ ታነቀ፤ በሪባውንድም፣ የሁለት ረጃጅሞች ዋና ጥቅም ይሆናል በተባለበት፣ ተበለጡ። ሞብሊ ከሩቅ መወርወሩን ባሻሻለበት በ2024–25 ያው ጥንድ ባለበት ቡድኑ 64 ጨዋታ አሸነፈ። የሰዎቹ ቁመት አልተለወጠም።

አንድ ጥንድ ለአንድ ባላጋራ የሚበጅ ለሌላው ላይበጅ ይችላል። በ2020 ሌከርስ ዓመቱን አንቶኒ ዴቪስን ከአንድ ሌላ ሴንተር ጋር ሲያሰልፍ ቆየ። ሴንተር የሌለውን ሂዩስተንን በገጠመ ጊዜ ግን ሴንተሮቹን በአብዛኛው አስቀመጠ። ቀጥሎ የዴንቨሩ ኒኮላ ዮኪች ሲመጣ ድዋይት ሃዋርድን መልሶ አወጣ፤ የፍጻሜውን ስድስተኛና የመጨረሻ ጨዋታ ደግሞ በሃዋርድ ፈንታ አጭር ተጫዋች አሰልፎ ጀመረ። ዋንጫውንም ወሰደ።

ለተመራማሪ እዚህ ላይ የዘዴ ችግር አለ። ሁለት ረጃጅሞች አብረው ሜዳ ላይ በነበሩበት ጊዜ የተገኘውን የነጥብ ልዩነት ብቻ ማስላት አያስተማምንም። አብረዋቸው የተሰለፉት ሦስቱ እነማን ናቸው? ባላጋራውስ ማንን አሰልፎ ነበር? ለምሳሌ ሳን አንቶኒዮ በ1996–97 ያሸነፈው 20 ጨዋታ ሲሆን ደንከን በመጣበት ዓመት ወደ 56 ከፍ አለ። ዕድገቱን ሁሉ ለጥንዱ መስጠት ግን ስሕተት ነው፤ ሮቢንሰን በፊተኛው ዓመት በጉዳት ምክንያት ስድስት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ነበርና ከዕድገቱ ከፊሉ የእርሱ መመለስ ነው። ከዚህም በላይ ደቂቃዎቹ የሚገኙት በዘፈቀደ አይደለም፤ አሰልጣኙ ጥንዱን የሚያሰልፈው ይበጃል ብሎ ባሰበበት ሰዓት ነው።

በቅርብ ዓመታት ከታዩት ሁሉ ግልጹ ምሳሌ ሚኔሶታ ቲምበርዎልቭስ ነው። በ2022 ሩዲ ጎቤርን ለማምጣት ብዙ የወደፊት የድራፍት ምርጫዎች ሲከፍል፣ ካርል አንቶኒ ታውንስ እያለ ለምን የሚል ትችት በዝቶበት ነበር። ሆኖም የሁለቱ ፍላጎት አይጋጭም፤ ታውንስ በ2022 የሦስት ነጥብ ውርወራ ውድድር ያሸነፈ ወርዋሪ ሲሆን፣ ጎቤር ከቅርጫቱ ሥር ርቆ አይሄድም። በ2023–24 ቡድኑ በመከላከል የሊጉ አንደኛ ሆነ፤ 56 ጨዋታ አሸነፈ፤ ሻምፒዮኑን ዴንቨርንም 4 ለ 3 አሰናበተ። በምዕራቡ ፍጻሜ ግን በዳላስ 4 ለ 1 ተሸነፈ፤ ታውንስም የቡድኑ የደመወዝ ጫና በከበደበት በ2024 መጸው ወደ ኒው ዮርክ ተዛወረ። በዓመቱ ሚኔሶታ ያለ ታውንስ እንደገና ለምዕራቡ ፍጻሜ ደረሰ። እዚያ ያሸነፈው ኦክላሆማ ሲቲ ታንደር ነበር፤ እርሱም የራሱ ጥንድ፣ ወርዋሪው ቼት ሆልምግሬንና አቀባዩ አይዛያ ሃርተንስታይን፣ ነበረው። ታንደር የፍጻሜውን የመጀመሪያ ሦስት ጨዋታዎች ሃርተንስታይንን በተቀያሪነት ይዞ ጀመረ፤ በኢንዲያና ፔሰርስ 2 ለ 1 ሲመራ በአራተኛው ጨዋታ ሁለቱን ረጃጅሞች ከመጀመሪያው አሰለፈ፤ ጨዋታውን 111 ለ 104፣ ዋንጫውንም 4 ለ 3 አሸነፈ።