ኮፈኑ ስር ያለው ውል

ጠጋ በሉማ፤ ይህ ወሬ ከሥራው ክፍል ብዙም አይወጣም። ግራን ቱሪስሞን እየተጫወተ ያደገ ሰው አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ ነበረው፦ ያ ሁሉ መኪና ተሰልፎ ሳለ ፖርሼ የት ገባ?

ጉዳዩ ከሞተርም ከሥዕልም ጋር አይገናኝም። ውል ነው። ኤሌክትሮኒክ አርትስ እ.ኤ.አ. በ2000 «ኒድ ፎር ስፒድ፦ ፖርሼ አንሊሽድ» የተባለውን ጌም ሲያወጣ፣ የፖርሼን ስምና ቅርጽ በጌም የመጠቀም መብት ለብቻው ይዞ ነበር። መብቱ እስከ 2016 መጨረሻ ድረስ ከእጁ አልወጣም። በእነዚያ ዓመታት የፖርሼን 911 ማስገባት የፈለገ ሌላ ጌም ሠሪ ደጅ የሚጠናው ፋብሪካውን ሳይሆን የገዛ ተፎካካሪውን ነበር። አንዳንዴ ይፈቀድለታል፣ አንዳንዴ ይከለከላል። ፎርዛ 3 በተባለው ጌም ላይ የነበረው ፖርሼ በ2011 ፎርዛ 4 ሲወጣ ጠፍቶ፣ በዓመቱ በሌላ ስምምነት ተመልሶ የመጣው ለዚህ ነው።

አሁን ምስጢሩ። ጀርመን ውስጥ ፕፋፈንሃውዘን በምትባል ትንሽ ከተማ ሩፍ የሚባል ድርጅት አለ። ከፖርሼ ፋብሪካ የሻንሲ ቁጥር ያልተመታበት ባዶ ቦዲ ይወስድና በራሱ ሞተርና በራሱ ቁጥር መኪና አድርጎ ያወጣዋል። የጀርመን መንግሥትም በ1981 ሩፍን ራሱን የቻለ አምራች ብሎ አውቆታል። ይህቺ የወረቀት ጉዳይ ለጌም ሠሪዎች በር ከፈተች። መኪናው በሕግ ሩፍ እንጂ ፖርሼ አይደለማ! ከ1999ኙ ግራን ቱሪስሞ 2 ጀምሮ የፖርሼ ናፍቆት የነበረበት ተጫዋች የሚነዳው ሩፍ ነበር። በተለይ በ1987 የወጣችው ቢጫዋ ሲቲአር፣ በሰዓት ከ330 ኪሎ ሜትር በላይ የምትከንፈው፣ በብዙ ልጆች ልብ ውስጥ የገባችው በዚህ መንገድ ነው።

ግን ሩፍን ፖርሼ ላይ የተለጠፈ ባጅ አድርጎ መውሰድ ሥራውን መናቅ ነው። ሲቲአር አየሩን በቀላሉ እንድትሰነጥቅ ከጣሪያዋ ጠርዝ ላይ የዝናብ ውኃ መውረጃው ተቆርጦ ተነሥቷል። የ911ን ቅርጽ ገልብጦ ስሙን ብቻ የቀየረ ሠራተኛ እዚያው ይጋለጣል። ይህን የሚያይ ዓይን ያላቸው ሰዎች ናቸው እነዚህን ጌሞች የሠሯቸው፤ እኔም ለእነሱ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው።

ተመልካች ፋብሪካው የኮምፒውተር ንድፉን ይሰጥና ነገሩ ያልቃል ብሎ ያስባል። የፋብሪካ ንድፍ የመጨረሻዋን ብሎን ሳይቀር ይዟል፤ ጌም ውስጥ እንዳለ ቢገባ ማሽኑ አይሸከመውም። ስለዚህ መኪናው በሌዘር ይለካል፣ በብዙ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ ሰው ተቀምጦ ላሜራውን ከትንንሽ ጠፍጣፋ ገጾች እየገጣጠመ እንደገና ይገነባል። አንድ መኪና ወራት ይፈጃል። በ1997ቱ የመጀመሪያ ግራን ቱሪስሞ አንድ መኪና በጥቂት መቶ ገጾች ይሠራ ነበር፤ ዛሬ መቶ ሺዎች ናቸው። ድምፁ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። መኪናው ቆሞ ጎማው ብቻ በሚሽከረከርበት ማሽን ላይ ይታሰርና ማይክሮፎን ሞተሩ አጠገብ፣ አየር መሳቢያው ላይና ማርሚታው ጫፍ ይተከላል። ጭነት ሳይኖርበት የተቀዳ ሞተር ድምፁ ሕይወት የለውም፤ ጆሮ ያለው ተጫዋች ወዲያው ያውቀዋል።

ብሮሹር ማመንም አደጋ አለው። የጃፓን ፋብሪካዎች ከ1989 እስከ 2004 ድረስ ከ280 ፈረስ ጉልበት በላይ ላለመጻፍ በመካከላቸው ተስማምተው ነበር። ኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር ወረቀቱ ላይ 280 ይላል፤ ሞተሩ ግን ከዚያ በላይ እንደሚያወጣ ጋራዡ ሁሉ ያውቃል። ወረቀቱን ብቻ የተከተለ ጌም እውነተኛውን መኪና አላሳየም።

ግጭት ላይ ደግሞ ውሉ ተመልሶ ይመጣል። ፓራውልቱ ቢንጠለጠል፣ መስታወቱ ቢሰነጠቅ ብዙ ፋብሪካዎች ይታገሣሉ። ጣሪያው ተጨፍልቆ ሰው የሚቀመጥበት ሲደቅ ግን እንዲታይ አይፈልጉም። በርንአውት የተባለው ጌም መኪኖቹን እንደዚያ ማድቀቅ የቻለው ሁሉንም ራሱ ስለፈጠራቸው ነው። ለእኔ እዚህ ላይ ፋብሪካዎቹ ተሳስተዋል፤ ፍጥነት ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ ጌም ስማቸውን አያጎድፍም።

ግንኙነቱ ሁልጊዜ ክልከላ ብቻ አይደለም። በ2007 የወጣው ኒሳን ጂቲ-አር ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የመረጃ ስክሪን ዲዛይን የሠራው የግራን ቱሪስሞው ፖሊፎኒ ዲጂታል ነው። እንግዲህ ያንን መኪና የገዛ ሰው ጌም ሠሪዎች ያዘጋጁትን ስክሪን እያየ ይነዳል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህኛው ኪሳችሁን የሚመለከት ነው። የመኪኖቹም የሙዚቃውም ፈቃድ ጊዜው ሲያልቅ ጌሙ ከመደብር ይነሣል። ፎርዛ ሞተርስፖርት 7 በ2017 ወጥቶ በሴፕቴምበር 2021 ከሽያጭ ወረደ። በ2018 የወጣው ፎርዛ ሆራይዘን 4ም ዲሴምበር 15 ቀን 2024 ተከተለው። ቀድሞ የገዛ ሰው መጫወቱን ይቀጥላል፤ አዲስ ገዢ ግን ከመደብሩ አያገኘውም። የምትወዱት መኪና ያለበት ጌም ገና ገበያ ላይ ካለ፣ ዲስክም ካለው፣ ዲስኩን ግዙና አስቀምጡት።