ተጨማሪ መረጃ፦ ፊስቱላና ትዳር

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር በሚበልጠው የሳነቴ አምባ አልፎ ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። ከደኑ ማዶ ምጥ የጠናባት ሴት ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ለመድረስ ይህን ሁሉ ዳገት መውጣት አለባት። ምጡ ቀናት ከፈጀ የሕፃኑ ጭንቅላት የፊኛዋን ግድግዳ ከዳሌ አጥንቷ ጋር አጣብቆ ደም ይከለክለዋል። ሥጋው ይሞትና ይበሳል፤ ሽንቱም ያለማቋረጥ ይፈሳል። ፊስቱላ የሚባለው ይህ ነው። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም።

ልጇን የቀበረችው እናት ሽታውን ፈርታ ከባሏ መኝታ፣ ከጎረቤት ቡና፣ ከለቅሶ ቤትም ትርቃለች። እርግማን ነው የሚሉም አይጠፉም። ባልየው ሌላ ያገባና እሷ ወደ ወላጆቿ ቤት የምትመለስበት ጊዜ አለ። ይህ ግፍ ነው፤ ሕመሙን ያመጣው የዘገየ እርዳታ እንጂ የእሷ ጥፋት አይደለም።

ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ያቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታል በነፃ ያክማል፤ በይርጋለምና በሐረርም ቅርንጫፎች አሉት። አብዛኞቹ ታካሚዎች በቀዶ ሕክምና ይድናሉ። ቁስሉ እስኪጠና ግን ለጥቂት ወራት ከግብረ ሥጋ ግንኙነት መታቀብ፣ ቀጣዩንም ልጅ በሆስፒታል፣ በቀዶ ሕክምና መውለድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ምክሩን ባልም አብሮ ሊሰማው ይገባል።

ከወሊድ በኋላ ሽንት የሚያመልጣት ሴት የምታውቁ ከሆነ፣ ሕክምና እንዳለው ንገሯትና ወደ ጤና ጣቢያ አብራችኋት ሂዱ።