የፖስተሩን ልጅ ውሃ ማን ቀዳለት?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ያበላሸሁት ፖስተር ነው።

ኢኮኖሚክስ ተመርቄ፣ ሥራ አጥቼ፣ ቢቸና ቤተሰብ ጋ የተቀመጥኩበት ጊዜ ነበር። ያለኝ ንብረት ስልክና ካንቫ ነው። የሠርግ ጥሪ፣ የሱቅ ማስታወቂያ ምናምን እየሠራሁ የካርድ አገኝ ነበር። አንድ ቀን «ለትራኮማ ዘመቻ ፖስተር ትሠራልናለህ?» ተባልኩ። መልእክቱ አንድ ነው፦ የልጆቻችሁን ፊት እጠቡ። ቀላል! በአንድ ምሽት ጨረስኩት። ነጭ መታጠቢያ ሳህን፣ የሚያብለጨልጭ ቧንቧ፣ ፊቱ ላይ አረፋ ያለበት ፈገግተኛ ልጅ። ከላይ በትልቁ «የፊት ንጽሕናን በመጠበቅ ትራኮማን በጋራ እንከላከል!» ቴሌግራም ላይ ጓደኞቼ አደነቁልኝ፤ እኔም አመንኳቸው።

ትራኮማ እኛ አካባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። አማራ ክልል በዓለም ላይ በሽታው በጣም ከጸናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ከልጅ ወደ ልጅ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ ውስጡ ይጠባሰስና ፀጉሩ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል፤ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑን ይፍቃል። ወረንጦ ከመቀነታቸው የማይለይ እናቶችን አይታችሁ ከሆነ ለምን እንደሆነ ይኸው። ሴቶች የበለጠ የሚጎዱት ልጅ ሲያቅፉ ስለሚውሉ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በዘመቻ ዚትሮማክስ ሲታደል፣ መጠኑ በቁመት መለኪያ እንጨት እየተለካ ሲሰጥ፣ ብዙዎቻችሁ ተሰልፋችሁ የዋጣችሁ ትመስሉኛላችሁ።

ወደ ፖስተሩ። ከመታተሙ በፊት ለሰው አሳየው ብሎ የመከረኝ አንድ የጤና ባለሙያ ነው። በገበያ ቀን ስልኬን ይዤ ወጣሁ። ጎመን የሚሸጡ አንዲት እናት ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩና፣

«የማን ልጅ ነው?» አሉኝ።

«የማንም አይደለም እማማ፤ ሥዕል ነው።»

«ዓይኑ ደህና አይደል እንዴ? ምን ሆነ ብላችሁ ነው የምትለጥፉት?»

ፊት መታጠቡን ነው፣ ለትራኮማ፣ ብዬ አስረዳሁ። «ማዝ ነው የምትለው?» አሉ። አዎ፣ ማዝ! እኔ ግን ርዕሱን የጻፍኩት በቢሮ አማርኛ ነበር። ከዚያ ቧንቧውን በጣታቸው ነካ አድርገው «ውሃውን ማን ቀዳለት?» ብለው ሳቁ። አጠገባቸው የነበረ ልጅ ደግሞ አሳምሬ የሣልኳትን ዝንብ «ንብ ናት» አለኝ። ጎጃም ውስጥ ዝንብ አግዝፎ መሣል ያው መዘዙ ይሄ ነው።

ማታ እንቅልፍ የነሳኝ ግን የውሃው ጥያቄ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ኦፖርቹኒቲ ኮስት ስል ከርሜ ቧንቧ ሣልኩ! ሃያ ሊትር ጀሪካን ጀርባ ላይ ሃያ ኪሎ ነው፤ ምንጩ ሩቅ ከሆነ ደግሞ የጠዋቱን ሥራ በልቶ ነው የሚመጣው። ከዚያ ላይ መጀመሪያ የሚጠጣ፣ ቀጥሎ የሚበሰልበት፣ ከዚያ ዕቃ ማጠቢያ ይነሳለታል። የልጅ ፊት ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው። እናትየዋ ስንፍና ሳይሆን ሒሳብ ነው የያዘችው። እኔ ደግሞ «እጠቡ» እያልኩ የምሰብከው ዋጋውን ሳልጠይቅ ነው።

በማግስቱ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ክዳን በሚስማር በሳሁና የሰፈር ልጆችን ጠራሁ። ውሃው ቀጭን ሆኖ ይወርዳል። ሦስቱን አጥቤ ሃይላንዱ ውስጥ ውሃ ቀረ። እናቶቻቸው ቆመው እያዩ ነበር፤ አንዷ ወዲያው የራሷን ሃይላንድ አምጥታ ሚስማሩን ተቀበለችኝ። ስለ ንጽሕና ምንም አልተናገርኩም፤ ያየችው ምን ያህል ትንሽ ውሃ እንደሚበቃ ነው።

ሁለተኛው ፖስተር በዚህ ተሠራ። እናት በነጠላ፣ ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካን፣ ክዳኑ የተበሳ ሃይላንድ፣ ዓይናር የያዘው ልጅ። ዝንቧ አንሳ ዓይኑ ሥር አረፈች። ጽሑፉ «ማዝን ለመከላከል ይቺ ውሃ ትበቃለች» ብቻ። ስክሪን ላይ ያማረው ቡናማ ወረቀት ላይ ጠቁሮ ዓይናሩ ስለጠፋ አንድ ጊዜ እንደገና ታተመ፤ ኪሳራው የኔ።

ፖስተር ምንጭ አይቆፍርም፣ ሽንት ቤትም አይሠራም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚከተለው መንገድ አራት ነገር አለው፤ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕና፣ የአካባቢ ንጽሕና። የኔ ወረቀት የአንዱ ቁራጭ ነው። ጋና አራቱንም ይዛ በ2018 እ.ኤ.አ. ትራኮማን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን እንዳስወገደች በድርጅቱ ተረጋግጦላታል።

በቅርቡ ወደ ሞጣ ስሄድ መንገድ ላይ አንዱን አየሁት። ጠርዙ ተቀዷል፤ ጀሪካኑ ላይ አንድ ሰው በእስክሪብቶ የብር ሒሳብ ደምሮበታል። ሃይላንዱና ልጁ ግን እንዳሉ ናቸው።