ኪራዩ ረከሰ፣ ቤቱ አረጀ፦ የአራዳ ፎቆች ከምኒልክ ዘመን እስከ ኮሪደር ልማት

አራዳ የከተማ ቤት ኪራይ ታሪካችን የተጻፈበት ሰፈር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ደንብ የአዲስ አበባን ቦታ በግል መያዝ ሲፈቀድ፣ በጊዮርጊስ ገበያ ዙሪያ የመኳንንቱ፣ የአርመኑ፣ የግሪኩና የሕንዱ ነጋዴ ቤት ተደረደረ። አሠራሩ ተቀራራቢ ነበር፦ ምድር ቤቱ ድንጋይ፣ ፎቁ እንጨትና ጭቃ፣ ዙሪያውን በረንዳ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ከታች ሱቅ ይከፈትበታል፣ ከላይ ይኖሩበታል ወይም ያከራዩታል።

በጣልያን ወረራ ዘመን ገበያው ወደ መርካቶ ሲዛወር አራዳ ፒያሳ ተባለ። ከነፃነት በኋላም የሲኒማው፣ የኬክ ቤቱና የወርቅ ቤቱ ሰፈር ሆኖ ቀጠለ። ኪራይ በአከራይና በተከራይ መካከል ያለ ጉዳይ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ዋናውን እድሳት ለአከራይ፣ ጥቃቅኑን ለተከራይ ሰጠ። አከራዩ ኪራይ ሊጨምር፣ ሲፈልግም ሊያስወጣ ይችል ነበር፤ ጣሪያው ሲያፈስ ግን የሚጠየቀው እሱ ነበር።

ይህን የገለበጠው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። እስከ 300 ብር የሚከፈልባቸው ቤቶች ላይም ከ15 እስከ 50 በመቶ ቅናሽ ተደረገ። ለድሃው ተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ የወር መጨረሻ ጭንቀቱ ቀለለ፣ «ቤቱን ልቀቅ» የሚለውም ጠፋ።

ቤቱ ግን ባለቤት አልባ ሆነ። ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት ባለበት ሲቆም፣ ብዙ የቀበሌ ቤት በአንድ ስኒ ማኪያቶ ዋጋና ከዚያም ባነሰ ገንዘብ ይከራይ ነበር። በዚህ ገቢ ቀበሌው አንድ ግድግዳ እንኳ ሊያስለስን አይችልም ነበር። ተከራዩም ማደስ ቢያምረው ፈቃድ ይጠየቃል፤ ቢፈቀድለትም ያደሰው ቤት የራሱ አይደለም።

ውጤቱን ለማየት ከአራዳ ፎቆች ወደ አንዱ መውጣት ይበቃል። ከመንገድ ሲያዩት በረንዳው በተቀረጸ እንጨት ያጌጠ ነው። ደረጃውን ሲወጡ፣ ድሮ ሳሎን የነበረው በኮምፔንሳቶ ለሦስት አባወራ ተከፍሏል። የበረንዳው ጫፍ በቆርቆሮ ታጥሮ ማድቤት ሆኗል። ቆጣሪው አንድ፣ ሽንት ቤቱ ጓሮ ያለ የጋራ ነው። ቆርቆሮው በተበላበት በኩል ላስቲክ ተወጥሮ ድንጋይ ተጭኖበታል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ኪራይ ሲያንሰራራ ደላላ ነገሠ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ኮንዶሚኒየም መጣ። የአራዳ ፎቆች ግን በአሮጌው ኪራይ ቀጠሉ። ቀበሌ ቤት ያለው ክፍል ከፍሎ ደባል አስገባ፤ ለቀበሌ የሚከፍለውና ከደባሉ የሚቀበለው የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀ። ልዩነቱ ለብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆነ፤ ለጣሪያው ግን አልደረሰም።

በ2016 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ገጠሙ። ከተማዋ በጀመረችው የኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱን የመሰሉ የአራዳ ሰፈሮች ፈረሱ፤ ነዋሪው ጓዙን ጠቅልሎ በምትክ ቤት ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደ። በዚያው ሰሞን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ጸደቀ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። ተከራይን ከድንገተኛ ጭማሪ ለመጠበቅ ጥሩ ነው። ነገር ግን የ1967ቱ ትምህርት መረሳት የለበትም፦ ኪራይን መቆጣጠር ብቻውን ቤትን አያቆምም።

አራዳን ያፈረሰው ዶዘር ብቻ አይደለም፤ ዶዘሩ ከመድረሱ በፊት ጥገና የተነፈገባቸው አርባና ሃምሳ ዓመታት አፍርሰውታል። በተረፉት አሮጌ ቤቶች ላይ ከተማዋ ከምትሰበስበው ኪራይ የተወሰነው ለእነዚያው ቤቶች እድሳት ይመደብ። አሮጌ ቤት የምትከራዩም ዋጋውን ከመስማማታችሁ በፊት ጣሪያውን ማን እንደሚጠግን ጠይቁ፤ መልሱንም ውሉ ላይ አስጽፉ።