የዱቤ ደብተር፣ ኤስኪውኤል እና ያቺ የመጋቢት ሌሊት

መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ የሆነውን ታስታውሳላችሁ? የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሂሳባቸው ላይ ካለው በላይ ብር ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክ ተዛመተ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ኤቲኤም ፊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ ለሰዓታት አገልግሎቱን አቋረጠ። በኋላ ላይ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ተነገረ፤ ብሔራዊ ባንክም ችግሩ ከሲስተም ጥገናና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው አለ። የባንኩ ፕሬዝዳንት አቤ ሳኖ ያለአግባብ ወጣ ያሉት ብር ከ800 ሚሊዮን በላይ ነበር።

ያኔ ብዙዎቻችን "ሲስተሙ ተበላሸ" ብለን አለፍነው። ግን ሲስተም የሚባለው ነገር ምንድነው? እኛ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምረን አይደለም የምናወራችሁ። ጠይቀን፣ አንብበን፣ ስልካችን ላይ ሞክረን የገባንን ነው። የምንጀምረውም ከአቦምሳ፣ ከአንዲት ሱቅ የዱቤ ደብተር ነው።

ደብተሩ ምን ይጎድለዋል?

እንበል ባለሱቋ በደብተሯ "ኃይሉ፣ 2 ኪሎ ስኳር፣ ዱቤ" ብላ ጻፈች። በሳምንቱ ልጇ "ሀይሉ፣ ዘይት" ብሎ ጨመረ። አንድ ሰው ናቸው ወይስ ሁለት? እኛ በግምት እንለያለን። ለኮምፒውተር ግን "ኃ" እና "ሀ" የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ ስለዚህ ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥራቸዋል። በተቃራኒው ደግሞ መርቲ ወረዳ ውስጥ ሁለት ሞክሼዎች ቢኖሩ የአንዱ ዕዳ ሌላው ላይ ይወድቃል።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ሰው የማይደገም ቁጥር መስጠት ነው። ይሄ "ፕራይመሪ ኪይ" ይባላል፣ ዋና መለያ እንደማለት ነው። የባንክ ሂሳብ ቁጥራችሁ እንደዚያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የመጣው ፋይዳ መታወቂያ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር የሚሰጠውም ለዚሁ ነው። ንግድ ባንክ ገንዘብ አልመለሱም ያላቸውን ሰዎች ስም ሲለጥፍ አስቡት፤ መለያው ስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ሞክሼ ባልበላው ዕዳ ይወቀስ ነበር?

አንድ ሳይሆን ሁለት ሰንጠረዥ

አሁን ደብተሩን ለሁለት እንክፈለው። አንደኛው ሰንጠረዥ "ደንበኞች" ነው፦ መለያ፣ ስም፣ ስልክ። ሁለተኛው "ዱቤ" ነው፦ የደንበኛው መለያ፣ ዕቃ፣ ብር፣ ቀን። ኃይሉ ስልክ ቢቀይር አንድ ቦታ ብቻ እናስተካክላለን፣ መቶ ገጽ አንገለብጥም።

ዱቤ ሰንጠረዥ ላይ የተቀመጠው የደንበኛ መለያ "ፎሪን ኪይ" ይባላል። ሥራው ማያያዝ ነው። በደንብ ከታሰረ፣ ደንበኞች ዝርዝር ውስጥ በሌለ ሰው ስም ዱቤ መመዝገብ አይቻልም።

ይህን በሰንጠረዥና በግንኙነት የማስቀመጥ ሐሳብ በ1970 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ያቀረበው የአይቢኤም ተመራማሪ ኤድጋር ኮድ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ መጠየቂያ ቋንቋውን አቀረቡ። መጀመሪያ "ሲክወል" ይባል ነበር፣ የዛሬው ኤስኪውኤል እሱ ነው።

እንዴት ይጠየቃል?

ትእዛዞቹ ሲጻፉ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ እኛ ግን በአማርኛ እናንብባቸው። "ማን ስንት ዕዳ አለበት?" ለማለት፦

ሰሌክት ደንበኞች.ስም፣ ሳም(ዱቤ.ብር)
ፍሮም ደንበኞች ጆይን ዱቤ
ኦን ደንበኞች.መለያ = ዱቤ.መለያ
ግሩፕ ባይ ደንበኞች.መለያ፣ ደንበኞች.ስም

ሰሌክት "አሳየኝ" ነው፣ ፍሮም "ከየት"፣ ጆይን "ሁለቱን አያይዝ"፣ ሳም "ደምር"፣ ግሩፕ ባይ "ለየሰዉ ለየብቻ"። አያችሁ? እንዴት እንደሚፈልገው አልነገርነውም፣ የምንፈልገውን ብቻ ነው የነገርነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ዱቤ የሌለበት ደንበኛ እዚህ ዝርዝር ውስጥ አይወጣም። እሱም እንዲታይ ካሻችሁ "ሌፍት ጆይን" ትላላችሁ።

ወደ ባንኩ እንመለስ

ከአቦምሳ አዳማ ላለ ወንድማችሁ 500 ብር ላካችሁ እንበል። ለኮምፒውተሩ ይሄ ሁለት ሥራ ነው፦ ከእናንተ 500 መቀነስ፣ ለእሱ 500 መጨመር። ቀንሶ ሳይጨምር መብራት ቢጠፋስ? ብሩ የት ገባ?

ለዚህ ነው "ትራንዛክሽን" ያለው። "ቢጊን" ብሎ ይጀምራል፣ ሁለቱም ሥራ ካለቀ "ኮሚት" ብሎ ያጸድቃል። መሃል ላይ ከተበላሸ "ሮልባክ" ብሎ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደነበረበት ይመልሳል። ወይ ሁሉም፣ ወይ ምንም። ግማሽ ብሎ ነገር የለም።

ሌላም አጥር አለ። "ቀሪ ሂሳብ ከዜሮ አይነስ" የሚል "ቼክ" የተባለ ደንብ ሰንጠረዡ ላይ ማሰር ይቻላል። ሁለት ሰው በአንድ ሰከንድ ከአንድ ሂሳብ ሊያወጣ ቢሞክር ደግሞ አንዱ እስኪጨርስ ሌላው ይጠብቃል፣ መስመሩ ይቆለፋል። የመጋቢቷ ሌሊት ያስተማረችን ይሄንን ነው፦ ጥገና ላይ ያለ ሲስተም "በቂ ብር አለው ወይ?" ብሎ መጠየቁን ካቆመ ኤቲኤሙ ራሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ስጥ ሲባል ይሰጣል።

ለጀማሪ አንድ ምክር

"ዲሊት ፍሮም ዱቤ" ብላችሁ "ዌር" ሳትጨምሩ ከላካችሁ የከተማው ዕዳ በሙሉ ይጠፋል። ተበዳሪው ይደሰት ይሆናል፣ ባለሱቋ ግን አለቀላት። ስለዚህ መጀመሪያ በዚያው "ዌር" ሰሌክት አድርጋችሁ የሚጠፋውን እዩ። ቀጥሎ "ቢጊን" በሉ፣ አጥፉ፣ ውጤቱን አረጋግጡ። ልክ ከሆነ ብቻ "ኮሚት"።

ላፕቶፕ የለኝም የሚል ካለ ችግር የለም። እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ራሱ ዳታቤዝ አለው። ሪቻርድ ሂፕ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤስኪውላይት አንድሮይድም አይፎንም ውስጥ ይሠራል፤ ብዙ አፖች መልእክታችሁን የሚያስቀምጡት በእሱ ነው። መለማመጃ አፖችም በነፃ ይገኛሉ።

ሠፈራችሁ ያለች አንዲት ሱቅ ሄዳችሁ፣ ባለቤቷን አስፈቅዳችሁ ደብተሯን በሁለት ሰንጠረዥ ገልብጡላት። ስሞቹን ሳይሆን ቁጥሮቹን መለያ አድርጉ። ከዚያ "ማን ስንት አለበት?" ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ከደብተሩ ድምር ጋር ካልገጠመ ከሁለት አንዱ ተሳስቷል፤ የቱ እንደሆነ ፈልጋችሁ ስታገኙ ትምህርቱን ጀምራችኋል ማለት ነው።