በሬ ሲገዛ ጥርሱ ይታያል፤ ፌሮስ?

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 37 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ዱከም ስሟ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ጥሬ ሥጋዋን ነው። በናዝሬት መንገድ ግራና ቀኝ በተደረደሩት ሥጋ ቤቶች ደንበኛው ወንበር ከመያዙ በፊት ሥጋው ከተሰቀለበት ፊት ቆሞ ይመርጣል። ከዚህ ቁረጥልኝ፣ ከዚያ ጨምርልኝ ይላል። ሥጋ ነጋዴውም በበኩሉ በሬውን ከገበያ ሲገዛ አፉን ከፍቶ ጥርሱን አይቷል። ጥርስ ሳያይ የገዛ ነጋዴ ጎረምሳ ገዛሁ ብሎ ሽማግሌ በሬ እየነዳ ይመለሳል።

እዚያው መንገድ ላይ በሚገኙት የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች ግን ገበያው ሌላ መልክ አለው። ፌሮ ሊገዛ የመጣ ሰው የሚጠይቀው ባለ ስንት እንደሆነ፣ ግሬዱ ስንት እንደሆነና ቤርጋው በስንት እንደሚሄድ ነው። ዋጋው ከተስማማ አይሱዙው ይጠራል፣ ጭነቱ ይታሰራል፣ ሒሳቡ ይዘጋል። ጎንበስ ብሎ የብረቱን ጥርስ የሚያይ ገዥ ከስንት አንዱ ነው። ፌሮ ግን እንደ በሬው ሁሉ ጥርስ አለው። ሕንፃን ሕንፃ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ይኸው በብረቱ ዙሪያ የወጣው ሸንተረር፣ ማለትም ጥርሱ ነው።

ብረትና ኮንክሪት እንዴት ይያያዛሉ?

ኮንክሪት ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ግን አይችልም። የመሳብ አቅሙ ከመጫን አቅሙ ከአሥር አንድ ያህል ብቻ ነው። ፌሮ የሚገባውም ለዚህ ነው፤ የሚሳበውን ክፍል ብረቱ እንዲሸከም። ግሬድ 60 የሆነ አንድ ባለ 12 ፌሮ ተለጥጦ ወደነበረበት ወደማይመለስበት ደረጃ የሚደርሰው ወደ 48 ኩንታል በሚጠጋ ኃይል ሲሳብ ነው። ይህም አንድ አይሱዙ የሚጭነውን ያህል ክብደት በአንዲት ጣት በምታክል ብረት ላይ ማንጠልጠል ማለት ነው።

ይሁንና ብረቱ ይህን ሁሉ የሚችለው ኮንክሪቱ አጥብቆ ከያዘው ነው። ካልያዘው ብረቱ ሳይበጠስ ከውስጥ ይንሸራተታል። ያን ጊዜ የብረቱ ጥንካሬ ቢሞላም ቢጎድልም ለውጥ የለውም።

ሁለቱን የሚያያይዟቸው ነገሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው ሲሚንቶው ከብረቱ ገጽ ጋር የሚፈጥረው መጣበቅ ሲሆን፣ ብረቱ ትንሽ ሲነቃነቅ ይለቃል። ሁለተኛው ፍትጊያ ነው። ሦስተኛውና ትልቁ የጥርሱ ሥራ ነው፤ እያንዳንዱ ጥርስ ከፊቱ ያለውን ኮንክሪት ተደግፎ ይቆማል። ለስላሳ ፌሮ ያለው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ነው። ጫፉ እንደ መንጠቆ ታጥፎ እንዲገባ የሚደረገውም ሦስተኛው ስለሚጎድለው ነው።

የመቶ ዓመት ሙከራ

ፌሮ ከመጀመሪያው ጥርስ ያለው ሆኖ አልተወለደም። ፈረንሳዊው አትክልተኛ ጆሴፍ ሞኒየር እ.ኤ.አ. በ1867 በብረት የተጠናከረ የአበባ ማሰሮ የፈጠራ መብት ሲያወጣ የተጠቀመው ያልተሸነተረ ብረት ነበር። አሜሪካ ውስጥ ካሊፎርኒያ ይሠራ የነበረው ኧርነስት ራንሰም እ.ኤ.አ. በ1884 አራት ማዕዘን ብረትን እንደ ገመድ ጠምዝዞ የመጠቀም መብት አስመዘገበ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የተጠመዘዘ ብረት በቀላሉ አይወጣም።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ፋብሪካ የየራሱን ቅርጽ እያወጣ የእኔ ይበልጣል ማለት ጀመረ። ክርክሩን ወደ ቤተ ሙከራ ካስገቡት አንዱ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው ደፍ አብራምስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጥናት ብረቶችን ከኮንክሪት ውስጥ እየሳበ ከስንት ኃይል በኋላ መንሸራተት እንደሚጀምሩ ለክቷል። ስለ ጥርሱ ቁመትና ርቀት የሚደነግግ የአሜሪካ ደረጃ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ዛሬ በየመደብሩ የሚታየው ፌሮ መልኩን ያገኘው ከዚህ ሁሉ ሙከራ በኋላ ነው።

የግማሽ ሚሊ ሜትር ነገር

ጥርስ ከበዛና ከረዘመ ይሻላል ብሎ የሚያስብ ሊኖር ይችላል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ጥርሱ ኮንክሪቱን የሚገፋው ወደፊት ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ነው። ከመጠን በላይ ከረዘመ ብረቱን የሸፈነውን ኮንክሪት በብረቱ አቅጣጫ ሊሰነጥቀው ይችላል። ከመጠን በላይ ከተቀራረበ በሁለት ጥርሶች መካከል የገባው ኮንክሪት ቀጭን ስለሚሆን ተልጦ ይወጣል። ካጠረ ደግሞ ብረቱ ይንሸራተታል። የንድፉ ጥበብ በእነዚህ መካከል ልኩን ማግኘት ነው።

ልኩ ምን ያህል ጥቃቅን እንደሆነ ከቁጥሩ ማየት ይቻላል። በአሜሪካው ደረጃ 12.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ፌሮ የጥርሱ ከፍታ በአማካይ ከ0.51 ሚሊ ሜትር ማነስ፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀትም ከ8.9 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። የአውሮፓው ደንብ ከፍታና ርቀቱን አጣምሮ በአንድ ቁጥር ይለካል። ይህ ቁጥር እስከ ባለ 12 ላሉት የተለመዱ መጠኖች ከ0.040፣ ከዚያ በላይ ለወፈሩት ከ0.056 እንዳያንስ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣችው የሕንፃ ደንብም መሠረቱ የአውሮፓው ነው።

ጥርሱ የሚወጣው በፋብሪካው የመጨረሻ ሮለር ላይ ነው። ቢሌቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ግሎ በሮለሮች መካከል እያለፈ ይቀጥናል፤ በመጨረሻው ሮለር ላይ ተቆርጦ የተዘጋጀው ቅርጽ በብረቱ ላይ ይታተማል። ሮለሩ በሠራ ቁጥር ይበላል። ሲበላ የሚያትመው ጥርስ እያጠረና እየደበዘዘ ይሄዳል። ስለዚህ ሮለሩን በወቅቱ አውጥቶ መቅረጽ ወይም መለወጥ ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ ወጪ አለው፤ ሥራም ያስቆማል። ገዥው ጥርስ የማያይ ከሆነ ይህን ወጪ የሚያወጣ ፋብሪካና የማያወጣ ፋብሪካ ገበያ ላይ በእኩል ዋጋ ይሸጣሉ። ተጎጂው ጥሩ የሠራው ነው።

ግሬድ ብቻውን አይበቃም

በደላሎች ዘንድ የፌሮ ደረጃ የሚነገረው በግሬድ ነው። ግሬድ 75 ከግሬድ 60 ይበልጣል ይባላል፤ በጥንካሬ እውነት ነው። ነገር ግን ግሬዱ የሚናገረው ስለ ብረቱ እንጂ ስለ ጥርሱ አይደለም።

ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው እ.ኤ.አ. የ1995 የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ ጥርስ ያለው ፌሮ ከለስላሳው ሁለት እጥፍ እንደሚይዝ አድርጎ ያሰላ ነበር። በዚያ ስሌት ሲ-25 በተባለው ኮንክሪት ውስጥ የሚገባ ኤስ-300 ባለ 12 ፌሮ ጥርስ ካለው ወደ 40 ሳንቲ ሜትር መቀበር ሲበቃው፣ ለስላሳ ከሆነ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። ብረቱ ወደ ኤስ-500 ከፍ ሲል ደግሞ ጥርስ ያለውም ቢሆን ወደ 65 ሳንቲ ሜትር መግባት ይኖርበታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብረቱ የሚሸከመው ኃይል ሲያድግ ኮንክሪቱ የሚይዝበት ጉልበት ግን አላደገም።

ከዚህ የሚወጣው ትርጉም ለባለ ገንዘቡ ቀላል ነው። ከፍ ያለ ግሬድ ገዝቶ ፌራዮው በድሮው ልማድ አጭር አድርጎ ቢደራርበው ለግሬዱ የተከፈለው ብር በከንቱ ይቀራል። ጥርሱ ደብዛዛ ከሆነ ደግሞ በወረቀት ላይ የተሰላው ርዝመት ራሱ አይበቃም።

ዱከም ለምን ይመለከታታል?

ከአቃቂ ጀምሮ በገላንና በዱከም አልፎ እስከ ቢሾፍቱ የሚዘልቀው መስመር የአገሪቱ የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ከተሰባሰቡባቸው ቦታዎች ዋነኛው ነው። በቻይና ባለሀብቶች የተቋቋመው የአገሪቱ የመጀመሪያ የኢንዱስትሪ ዞን፣ ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን፣ የሚገኘው ዱከም ውስጥ ነው። ከጂቡቲ የሚመጣው ቢሌት በአዳማና በሞጆ አድርጎ በዚሁ በኩል ያልፋል። የተመረተው ፌሮም ወደ መርካቶም ሆነ ወደ አዳማ የሚጫነው ከዚሁ መስመር ነው።

የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃ ከውጭ የሚገባ ቢሌትና ከየቦታው የሚሰበሰብ ውዳቂ ብረት ነው። የውጭ ምንዛሪ እጥረት ሥራቸውን ሲፈትን ኖሯል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የቢሌት ወጪ በብር ሲሰላ በእጅጉ ጨምሯል። ዕቃ ሲወደድ ደግሞ ገዥ ርካሹን ይፈልጋል፤ ርካሹ የረከሰበትን ምክንያት ግን አይጠይቅም።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበው ቦታው ራሱ ነው። ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆና አዳማ የተሠሩት በስምጥ ሸለቆው ዳርና ውስጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ከመካከሉ መጠኑ ከ5 በላይ የሆነም ነበረበትና፣ በአዳማና በአዲስ አበባ ፎቅ ላይ የነበሩ ሰዎችን አስደንግጦ ወደ ውጭ አስወጥቷል። የመሬት መንቀጥቀጥ ብረትን እንደ ቋሚ ጭነት በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይስበውም፤ ይስበዋል፣ ይገፋዋል፣ መልሶ ይስበዋል። በእያንዳንዱ ምልልስ በጥርሱ ፊት ያለው ኮንክሪት እየደቀቀ ይሄዳል። ቢሙ ከኮለኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ብረቱ መንሸራተት ከጀመረ ሕንፃው አቅሙን ማጣት ይጀምራል። በዚያ ቦታ ስታፋ እንዲጠጋጋ የሚታዘዘውም አንድም ጥርሱ ወደ ጎን ሲገፋ ኮንክሪቱ እንዳይፈነዳ አቅፎ እንዲይዘው ነው።

ገዥና ሻጭ ምን ማየት ይችላሉ?

መጀመሪያ ሚዛን ነው። 12 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 12 ፌሮ ሊመዝን የሚገባው 10.66 ኪሎ ነው። ባለ 10 ከሆነ 7.4፣ ባለ 8 ከሆነ 4.74፣ ባለ 16 ከሆነ ወደ 19 ኪሎ ይጠጋል። ዓለም አቀፉ ደረጃ ለባለ 12 የሚፈቅደው ልዩነት 6 በመቶ ስለሆነ፣ አንድ ቤርጋ ባለ 12 ከ10 ኪሎ በታች ከመዘነ ከደረጃ ወጥቷል ማለት ነው። በካሊፐር ብቻ የሚለካ ሰው ግን ሊሳሳት ይችላል። ጥርስ ያለው ፌሮ ውፍረቱ የሚቆጠረው በክብደቱ ነውና፣ በጥርሶቹ መካከል ሲለካ ከ12 በታች፣ በጥርሶቹ ላይ ሲለካ ከ12 በላይ ቢወጣ ማጭበርበር አይደለም።

ሁለተኛው ዐይንና ጥፍር ነው። በብረቱ ግራና ቀኝ በቁመቱ የተሰመሩት ሁለት መስመሮች ለመያዝ የሚጠቅሙት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚይዙት በአግድም የተሸነተሩት ናቸው። እነዚህ ጥፍር ሲነካቸው የማያስቆሙ፣ በአንዱ ቤርጋ ጎልተው በሌላው የጠፉ ከሆነ፣ ከተበላ ሮለር የወጡ ሊሆኑ ይችላሉና ጭነቱ ከመራገፉ በፊት ቢጠየቅ ይሻላል።

ሦስተኛው ወረቀትና ቤተ ሙከራ ነው። ለትልቅ ግዥ ቁራጭ ናሙና ወደ ኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ወይም ወደ ሌላ ቤተ ሙከራ ይላካል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው የመሳብ ጥንካሬው ነው። የጥርሱ ከፍታና ርቀት አብሮ እንዲለካ መጠየቅ የገዥው ፈንታ ነው።

ዝገትን በተመለከተም የተሳሳተ ፍርሃት አለ። መጋዘን ሰንብቶ ቀላ ያለ ፌሮ መያዙን አያጣም፤ ገጹ ስለሚሻክር አይጎዳውም። የሚጎዳው እየተላጠ የሚረግፍ ዝገት፣ ጭቃና ዘይት ነው። ጣውላው እንዳይጣበቅ የሚቀባው የተቃጠለ ዘይት ፌሮው ላይ ሲንጠባጠብ ዝም ብሎ የሚያይ ባለ ሥራ ጥሩ ጥርስ የገዛበትን ብር በብሩሽ እያጠፋ ነው።

ይህ ሁሉ ለነጋዴው ተጨማሪ ጣጣ ይመስል ይሆናል። በአንጻሩ ግን ዛሬ ሁሉም ባለ 12 በአንድ ዋጋ በሚጠራበት ገበያ፣ ሚዛን ደጃፉ ላይ አቁሞ የጥርሱን ልክ በወረቀት የሚያሳይ መደብር የሚሸጠው ሌላው የሌለውን ዕቃ ነው። ባንክ ያበደረበትን ፎቅ የሚያሠራ ባለሀብትም ለዚህ ጥቂት ብር ቢጨምር የሚከስር አይሆንም።

አርማታው ከፈሰሰ በኋላ ጥርሱን የሚያይ የለም። ቢሙ ይለሰናል፣ ቀለም ይቀባል፣ ተከራይ ይገባል። በሬውም ቢሆን ጥርሱ የሚታየው ከመታረዱ በፊት ነው፤ ከታረደ በኋላማ ቢቆጠር ለማን ይጠቅማል?